ከገፈርሳ እስከ ሱባ፦ በጽጌ ወራት ወፎችን ማየትና መጠለያቸውን መደገፍ

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ በሚያለብስበት ወቅት ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ሰው ቡራዩን ካለፈ በኋላ በግራና በቀኝ የሚያገኘው ጨፌ፣ የግጦሽ ሜዳና ከወጨጫ ተራራ ጋር የተያያዘው ደን በወፍ የተሞላ ነው። አብዛኛው መንገደኛ ግን ይህን ሁሉ በመኪና መስኮት አይቶ ያልፋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ወርዶ፣ ቆሞና ታግሦ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ያየውም ነገር ለልጆቹ እንዲቆይ የድርሻውን ለመወጣት ለተነሣ። ማየትንና መጠበቅን ለያይቼ አላቀርብም። በእኔ እምነት በአግባቡ የተደረገ የወፍ ምልከታ ራሱ የጥበቃ ሥራ ነው፤ ያለ ጥንቃቄ የተደረገው ደግሞ፣ ተመልካቹ ወፍ ወዳድ ስለሆነ ብቻ፣ ጉዳቱ አይቀንስም።

ጊዜውን መምረጥ

ስለ ጸደይ ስንናገር በመጀመሪያ መግባባት ያስፈልጋል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ዘመነ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ መስከረም 26 የሚገባው ዘመን መጸው ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን ብዙዎቻችን ጸደይ የምንለው ምድር በአበባ የምትሸፈንበትን፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ወቅት ነው፤ እኔም በዚሁ ትርጉም እጠቀምበታለሁ። ከዚህም ውስጥ ለአዲስ አበባ ዙሪያ የሚመረጠው ወርኃ ጽጌ፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ነው።

ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። በአንድ በኩል በክረምቱ ዝናብ የሚራቡት የአገሬው ወፎች ገና የጋብቻ ላባቸውን አላወለቁም፤ በቀሪው ዓመት እንደ ማንኛዋም ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ የሚኖረው «የሎው ቢሾፕ» የሚባለው ወፍ ወንዱ በዚህ ጊዜ ጥቁር ከፋይ የለበሰ ይመስላል፤ ትከሻውና ወገቡ ላይ ብቻ ደማቅ ቢጫ ይታይበታል። በሌላ በኩል ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ፍልሰተኛ ወፎች በዚሁ ጊዜ በብዛት ይደርሳሉ። እነርሱ ለሰሜኑ ክረምት ጀርባቸውን ሲሰጡ እኛ ዘንድ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሐይቁ ሞልቶ፣ ጨፌው ረጥቦ፣ ነፍሳቱ በዝቶ ይጠብቃቸዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ከቀኑ ክፍል የሚመረጠው ማለዳ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ከቀሪው ቀን ሁሉ ይበልጣል። ይህ ማለት ከቤት 11 ሰዓት ሳይሞላ መነሣት ማለት ስለሆነ፣ የመጓጓዣ ጉዳይ ከዋዜማው ያለቀ መሆን አለበት።

ዝግጅት

ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንዱ ግን ግዴታ ነው፦ የርቀት መነጽር ወይም ባይኖኩላር። በመሣሪያው አካል ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው። ለምሳሌ «8 በ42» የሚለው ዕቃውን 8 ጊዜ እንደሚያቀርብና የፊተኛው ሌንስ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይገልጻል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከ10 በላይ የሚያቀርቡት የእጅን መንቀጥቀጥም አብረው ስለሚያጎሉ ለደን ውስጥ አይመቹም። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ራቅ ያለ የጣሪያ ጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ አነጣጥሮ ይመልከት። መስመሩ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ትንሽ ቆይቶ ራስ ምታት ከተሰማው፣ ውስጡ ተዛብቷልና ይተወው።

ባይኖኩላር የገዛ ሰው ሁሉ በትክክል ያስተካክለዋል ማለት አይደለም። ብዙ ሰዎች ዓመት ሙሉ ደብዛዛ ምስል እያዩ ጥፋቱን በዓይናቸው ላይ ሲያላክኩ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በዝርዝር ላስቀምጥ። በመጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች በመክፈትና በማጠፍ በሁለት ዓይን አንድ ክብ ብቻ እስኪታይ ድረስ ያስተካክሉ። መነጽር የሚያደርግ ሰው በዓይን በኩል ያሉትን ላስቲኮች ወደ ውስጥ ይመልሳቸው። ቀጥሎ የቀኙን ሌንስ በመዳፍዎ ሸፍነው በግራ ዓይንዎ ራቅ ያለ ጽሑፍ፣ የሱቅ ታፔላም ቢሆን፣ እየተመለከቱ መሐል ያለውን መሽከርከሪያ በማዞር ፊደሉን ያጥሩት። ከዚያም ግራውን ሸፍነው፣ የመሐሉን መሽከርከሪያ ሳይነኩ፣ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ በማዞር ያንኑ ፊደል ያጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚህ በኋላ በሜዳ ላይ የሚዞረው የመሐሉ ብቻ ነው። ልምምዱም ቀላል ነው፦ ወፉን በባዶ ዓይን ካገኙት በኋላ ዓይንዎን ከእርሱ ሳይነቅሉ መሣሪያውን ወደ ዓይንዎ ያንሡ። አንገትን አቀርቅሮ ባይኖኩላሩን ፈልጎ መመለስ ወፉን ማጣት ነው። በቤትዎ አጥር ላይ በሚያርፉ ርግቦች አንድ ሳምንት ከተለማመዱ ይበቃል።

የገፈርሳ ግድብና የሱባ ደን ሁለቱም ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የጥቅምት ንጋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይከራል። ስለዚህ የሚደራረብና የሚወልቅ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ለጨፌው ቦት ጫማ፣ ፔርሙዝ ሻይና ቆሎ ይያዙ። ልብሱ ነጭ አይሁን፤ ነጠላና ነጭ ጋቢ በአረንጓዴ ሜዳ ላይ ከሩቅ ስለሚታዩ ወፎቹ ቀድመው ይርቃሉ። በስልክዎ ላይ ወፍ ለመለየት የሚረዳውን «መርሊን» እና ያዩትን የሚመዘግቡበትን «ኢበርድ» የተባሉትን ነፃ መተግበሪያዎች፣ የኢትዮጵያን የወፍ ጥቅል ጨምረው፣ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ሆነው አስቀድመው ያውርዱ። ሆኖም ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አይቅር። ጤዛ የነካው ስልክ ሲያስቸግር እርሳስ ይጽፋል።

የመጨረሻው ዝግጅት ፈቃድ ነው። ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርብ ግድብ ስለሆነ ጠባቂዎች አሉት፤ ባይኖኩላርና ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ የያዘ እንግዳ ሲያዩ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ያለ ደብዳቤ ሄጄ የተሻለውን የማለዳ ሰዓት ማንነቴን በማስረዳት አሳልፌዋለሁ። ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አስቀድሞ መጠየቅ፣ የሱባን ደን ደግሞ ከሚያስተዳድረው ከኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት የመግቢያ ሁኔታውን ማጣራት፣ የመንገዱንም ሁኔታ በዋዜማው ለአካባቢው ሰው ደውሎ ማወቅ ይገባል። ግድቡንና የጥበቃ ቦታዎቹን ፎቶ አያንሡ።

የመጀመሪያው ማለዳ፦ ገፈርሳ

ጀማሪ ከደን ይልቅ ከውኃ ዳር ቢጀምር እመርጣለሁ። በደን ውስጥ ወፍ ይሰማል እንጂ ቶሎ አይታይም፤ በውኃ ዳር ግን ሁሉም በግልጽ ስለሚሆን ዓይን ይሠለጥናል። ገፈርሳ ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚርቅ ሲሆን፣ በአስኮና በቡራዩ አድርጎ ወደ ሆለታ በሚሄድ ማንኛውም መጓጓዣ ይደረሳል።

እንደ ደረሱ ወደ ውኃው አይሩጡ። መጀመሪያ ፀሐይ ከጀርባዎ የምትሆንበትን ቦታ ይምረጡ፤ ማለዳ ላይ ይህ ማለት ወደ ምዕራብ እየተመለከቱ መቆም ነው። ከፀሐይ ፊት ለፊት የታየ ዳክዬ ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው። ቦታ ከያዙ በኋላ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡ። ሰው ሲመጣ ጸጥ ያለው ሜዳ እንደገና መንቀሳቀስ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሰማው ጋጋኖ ነው። በመለያ መተግበሪያዎች ላይ «ዋትልድ አይቢስ» ተብሎ የተመዘገበው ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም፤ ጎሕ ሲቀድ በቡድን እየጮኸ ሲያልፍ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ሰምቶታል፤ ልብ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው። ሣሩ ላይ ሲያርፍ ቀረብ ብለው ይመልከቱት፦ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ መንቁሩን እስከ ሥሩ ድረስ በለሰለሰው አፈር ውስጥ እየሰካ ትል ያወጣል፤ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል፤ ሲነሣ ደግሞ በጥቁሩ ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይገለጣል።

ከዚያ ይልቅ ዋናው ሀብት ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ነው። «ብሉ ዊንግድ ጉስ» የተባለው ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ በዱር አይኖርም። አመድማ ቡናማ ስለሆነ ቆሞ ሲታይ ከድንጋይ አይለይም። መለያው አረማመዱ ነው፦ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን ጀርባው ላይ አስደግፎ፣ ልክ ሸክም እንዳዘለ ሰው፣ በዝግታ ይራመዳል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ከበግና ከከብት መንጋ መካከል ስለሚግጡ የሚያውቋቸው እረኞቹ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ በዳርቻው ሲጠብቁ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት «አካም ጂርቱ፣ አባባ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ስለ ዝይዎቹ ስጠይቃቸው በበትራቸው ወደ አንዲት ጉብታ አመለከቱኝና «ልጄ፣ ከብቱን አትፈራም፤ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሰው ነው የምትፈራው፤ ዙርና ሂድ» አሉኝ። በሰፊው ዞሬ፣ ወደ ሌላ ቦታ የምሄድ መስዬ ስጠጋ፣ ጥንዶቹ 40 እርምጃ ያህል ላይ ሆነው መጋጣቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ በሜዳ ላይ ወዳለ ወፍ ሁሉ የምቀርበው እንዲሁ ነው፤ አንባቢም ይህንኑ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

በሣሩ ውስጥ ሊፈለግ የሚገባው ሌላው ብርቅዬ «አቢሲኒያን ሎንግክሎው» ነው። ጀርባው እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ ሆኖ ሳለ ሲዞር ጉሮሮው እንደ ብርቱካን ቀልቶ፣ ከሥሩም ጥቁር ሐብል አስሮ ይታያል። የውኃ መውረጃ ቦዮችን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ጭራውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ከሥሩ ያለውን ነጭ የሚያሳይ፣ እንደ ዶሮ የሚራመድ ቀላ ያለ ወፍ ያገኛል፤ እርሱ «ሩዤስ ሬል» ነው፤ በደጋው ጨፌ ካልሆነ አይኖርም። ከፍልሰተኞቹ መካከል መንቁሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ዳክዬ፣ ከከብት እግር ሥር ጭራቸውን ያለማቋረጥ እየወዘወዙ ነፍሳት የሚለቅሙትን ቢጫ ደረት ወፎችና ከፍ ብሎ የሚያንዣብበውን የሩቅ ሜዳ ንስር፣ «ስቴፕ ኢግል» የሚባለውን፣ ያያሉ።

ሁለተኛው ማለዳ፦ የሱባ ደን

ገፈርሳንና ሱባን በአንድ ቀን ለማየት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም በወጉ ሳያይ ይመለሳል። ሱባ የራሱ ቀን ይገባዋል። ደኑ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ተዘርግቶ ከ2,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ ከታች ዝግባና ጽድ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ በአናቱ ላይ አስታ ይገጥምዎታል፤ ወፎቹም አብረው ይለዋወጣሉ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ወፍ ዋሻ ከተባለው ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ደን ማስተከል በአገራችን ከውጭ የመጣ ትምህርት እንዳልሆነ ለልጆቻችን ስንነግራቸው የምንጠቅሰው ይህን ነው።

በደን ውስጥ አካሄዱ ይለያል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ አይሂዱ። በየ50 እርምጃው ቆመው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ ከለዩ በኋላ ዓይንዎን ከፍተው በዚያ አቅጣጫ የቅጠል እንቅስቃሴ ይፈልጉ። ፍሬ የያዘ ጽድ ወይም ሾላ ካገኙ ከሥሩ ሳይሆን ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ጥቁር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ለፍሬው ይመጣሉ፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። ጉንጩ ነጭ የሆነው ቱራኮ ደግሞ በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ሮጦ ድንገት ሲበር የክንፉ ቀይ እንደ እሳት ይበራል። ያ ቀይ ቱራሲን ከተባለ፣ መዳብ ካለበት ቀለም የመጣ ነው፤ ከቱራኮዎች በቀር በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም። ከጽዱና ከኮሶው መካከል ሁለት ወፎች እየተቀባበሉ የሚያዜሙ ከመሰለዎት «አቢሲኒያን ካትበርድ» ሊሆን ይችላል፤ ግራጫ ነው፤ የጭራው ሥር ግን ቀይ ቡናማ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትና መንቁሩ እጅግ የወፈረ ቁራ ካዩ እርሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነዋሪ ነው። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም በዚሁ ደን ይኖራሉ።

በአበባው ወቅት ቀይ አበባ ያላቸውን ቁጥቋጦዎች ሳያዩ አይለፉ። የአበባ ማር የሚቀስመው፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራው «ታካዚ ሰንበርድ» ከጥላ ውስጥ ሲታይ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን እንደ ሐምራዊ ሐር ያብለጨልጫል። ይህን ለማየት አንድ ቁጥቋጦ ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ዓይነት ለመቁጠር ከመሯሯጥ ይልቅ እኔ ይህን ግማሽ ሰዓት እመርጣለሁ።

ወፉን የማይጎዳ ምልከታ

በጽጌ ወራት ብዙ ጎጆዎች ገና ጫጩት አለባቸው። አንድ ወፍ በተደጋጋሚ በአንድ ድምፅ እየጮኸ በዙሪያዎ ቢዘዋወር፣ ወይም በአፉ ትል ይዞ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ጎጆው ቅርብ ነው፤ እርስዎም መንገዱን ዘግተዋል ማለት ነው። በመጡበት ይመለሱ። ጎጆ ያገኙበትንም ቦታ በማኅበራዊ ገጽ ላይ አያውጡ። የተቀዳ የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ ወፉን ማስጠጋት በአስጎብኚዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ወፉ ግን የሚመጣው ቦታውን ሊቀማው የመጣ ባላንጣ ያለ መስሎት ስለሆነ ጫጩቱን ትቶ በከንቱ ይደክማል። አስጎብኚው ሊያደርግ ሲል በትሕትና ይከልክሉት።

አንድ ወፍ ደግሞ ጭራሹን ሳይፈለግ ቢቀር ይሻለዋል። «ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል» የተባለው በዓለም እጅግ ከተመናመኑት ወፎች አንዱ ሲሆን፣ በክረምት ከሚራባባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል በአዲስ ዓለም አካባቢ ያለው የበርጋ ረግረግ አንዱ ነው፤ ቀድሞ በሱሉልታም ይታይ ነበር። ከአንድ ጡጫ ብዙም የማይበልጥ፣ በቄጠማ ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ ወፍ ስለሆነ እርሱን ለማስነሣት ቄጠማውን መርገጥ ግድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ያለችውን ጎጆ መርገጥ ሊሆን ይችላል። የሱሉልታ ሜዳ በግንባታ እየተሸነሸነ ባለበት በዚህ ዘመን የቀረውን ጨፌ በእግራችን ማበላሸት አይገባንም።

ያዩትን መመዝገብ

ለመጠለያ ከሚሰጡ ነገሮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን ከገንዘብ እኩል የማየው፣ ትክክለኛ መዝገብ ነው። አንድ ጨፌ ሊታረስ ወይም ሊገነባበት ሲታሰብ «ወፍ አለበት» ማለት ብቻ አያድነውም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ታይቷል የሚል የዓመታት ጽሑፍ ግን ለሚከራከርለት ሰው ማስረጃ ይሆነዋል። ስለዚህ የቦታውን ስም፣ የተጀመረበትን ሰዓት፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ የተጓዙትን ርቀትና የተመልካቾቹን ቁጥር ይጻፉ። ብርቅዬውን ብቻ ሳይሆን ርግቡንም ድንቢጡንም ጨምረው ያዩትን ሁሉ ይመዝግቡ። ያልለዩትን በግምት አይሰይሙ፤ «ያልታወቀ ዳክዬ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም። መንጋ ሲገጥምዎ መጀመሪያ 10 ወፍ ይቁጠሩ፤ ያ 10 በዓይንዎ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ልብ ይበሉ፤ ከዚያ መንጋው ስንት እንዲህ ያለ ክፍል እንዳለው ይቁጠሩ።

በእኛ አገር መዝጋቢ ላይ ብቻ የሚደርስ አንድ ስሕተት አለና ላስጠንቅቅ። «ኢበርድ» የሚቀበለው የአውሮፓውያንን ቀንና ሰዓት ነው። በደብተርዎ ላይ «ጥቅምት 3፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ብለው የጻፉት በመተግበሪያው ላይ ኦክቶበር 13፣ 7 ሰዓት መሆን አለበት፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ አንድ ቀን ተጨምሮ ኦክቶበር 14 ይሆናል። በዚህ ስሕተት ሌሊት 1 ሰዓት ላይ የታየ ተብሎ የተመዘገበ ጋጋኖ ለማንም አይጠቅምም። የኦክቶበሩ ዓለም አቀፍ የፍልሰተኛ አእዋፍ ቀን በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ስለሚውል፣ የመጀመሪያ መዝገብዎን በዚያ ቀን ቢያደርጉት ከብዙ አገር ተመልካቾች ጋር እኩል ይቆጥራሉ። የመዝገቡንም ግልባጭ ለደኑ ጽሕፈት ቤት ይስጡ፤ ለጠባቂዎቹ የሥራቸው ውጤት በጽሑፍ ሲመለስላቸው ትልቅ ነገር ነው።

መጠለያውን መደገፍ

ድጋፍ የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። የመግቢያውን ክፍያ በደረሰኝ ይክፈሉ፤ ያለ ደረሰኝ ለግለሰብ የተሰጠ ገንዘብ ለደኑ አይደርስም። ከአዲስ አበባ አስጎብኚ ይዘው ቢመጡ እንኳ የአካባቢውን ሰው አብሮ እንዲሄድ ይቅጠሩ፤ ዋጋውን ሳይነሡ ይስማሙ፤ ሲመለሱ ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ደን አጠገብ የሚኖር ወጣት ከቆመ ዛፍና ከሚበር ወፍ እንጀራ ካገኘ፣ ዛፉ በሚቆረጥበት ቀን ቀድሞ የሚጮኸው እርሱ ነው። ምሳዎንም ከተማ ተመልሰው ሳይሆን እዚያው ሰበታ፣ መናገሻ ወይም ሆለታ ይብሉ።

በመናገሻ አካባቢ የሚገኘው «እንሰሳ ኮቴ» የተባለው ማዕከል ደግሞ የተለየ ድጋፍ የሚሻ ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው ይህ መጠለያ ከሕገወጥ ንግድና ከጠባብ ጎጆ የተያዙ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎችና ሌሎች የዱር እንስሳት የሚያገግሙበት ነው። መካነ እንስሳት ስላልሆነ ቀድሞ ሳይጠይቁ መሄድ አይገባም። ለዚህ ማዕከል ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ግን የዱር እንስሳ ግልገል አለመግዛት ነው። በመንገድ ዳር የታሰረች የጦጣ ግልገል አይቶ «ላድናት» ብሎ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ልቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ሻጩ በዚያው ገንዘብ ተበረታቶ በሳምንቱ ሌላ እናት ገድሎ ሌላ ግልገል ያመጣል። አለመግዛት፣ ቦታውንና ጊዜውን መያዝ፣ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በቅርብ ላለ ፖሊስ ማሳወቅ ነው ትክክለኛው መንገድ። የተጎዳ ወፍ ያገኘም ሰው ጨለማ ባለ፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ፣ ውኃም ምግብም በግድ ሳይሰጥ፣ እርዳታ ይጠይቅ።

ችግኝ መትከልን በተመለከተ የምናውቀው የሐምሌውን ግማሽ ብቻ ነው። የተተከለው ችግኝ የሚሞተው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ለወፍ የሚሄድ ሰው በክረምት ወደ ተከለው ችግኝ ጎራ ይበል፤ ዙሪያውን ያርም፤ ሥሩን በደረቅ ሣር ያልብስ፤ ከብት እንዳይበላው በእሾህ ይጠር። ለመትከል የሚመረጡት ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ናቸው። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተማችንን ማገዶ ችሎ የኖረ ዛፍ ስለሆነ አላወግዘውም፤ በጨፌ ዳር ግን ውኃውን ስለሚመጥ ፈጽሞ አይተከል።

ከአንድ ቀን ጉዞ አልፎ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ከ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን በአባልነት መቀላቀል ይችላል። በየዓመቱ በጥር የሚካሄደው የውኃ አእዋፍ ቆጠራ በጎ ፈቃደኞችን ይፈልጋል፤ ኅዳር ሳያልቅ ስም ማስመዝገብና የት እንደሚመደቡ መጠየቅ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ወፎቹን ሁሉ አላውቅም ብሎ አይቅር፤ ልምድ ያለው ቆጣሪ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ ቁጥሩን ሲጠራ አጠገቡ ተቀምጦ በንጹሕ ጽሑፍ የሚመዘግብ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ ለዚያም ጓንት፣ ሁለት እርሳስና ለደብተሩ የሚሆን ፌስታል ይዞ መምጣት ይበቃል።